«መጣሁ» የማይባልበት ቤት

በዚያ ቤት «መጣሁ» የሚለው ቃል አይነገርም ነበር።

በሌላው ቤት ሁሉ ይነገራል። ሰው ከተቀመጠበት ተነሥቶ ለአፍታ ወጣ ሲል «መጣሁ» ይላል፤ ገና ሳይሄድ መጣሁ ማለቱ ለምን እንደ ሆነ ቆም ብሎ የሚመረምር የለም። ሰሚውም «እሺ» ብሎ ወደ ጀመረው ሥራ ይመለሳል። በከተማው ዳር፣ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ በሚጀምርበት ስፍራ በቆመው ባለ ሰፊ ግቢ ቤት ግን፣ ዳቦ ሊገዛ የሚወጣም ሆነ በር ሊከፍት የሚነሣ ሰው «እመለሳለሁ» ማለት ይጠበቅበታል። ጎረቤት ይህን ያውቃል። የማያውቅ እንግዳ ቃሉ ካመለጠው የቤቱ እመቤት ፊታቸው አመድ ይመስላል፤ እንግዳውም ምን እንዳጠፋ ሳይገባው ተሳቅቆ ይሄዳል።

በቤቱ የሚኖሩት ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ ትዳር ሳይዙ ያረጁት አክስትና፣ እናት አባቷ ከሞቱባት ጊዜ ጀምሮ እሳቸው ያሳደጓት የወንድማቸው ልጅ። ከግቢው ጀርባ ጋራዥ አለ፤ በጋራዡ ውስጥ አንዲት ሰማያዊ አሮጌ መኪና ቆማለች። ቃሉን ከቤቱ ያባረረችው ያቺ መኪና መሆኗን ልጅቱ በልጅነቷ ተረድታለች። ከዚያ በላይ አትጠይቅም ነበር፤ አንድ ቀን ጠይቃ ያገኘችው መልስ በቅቷታልና።

ይሁን እንጂ አድጋ የያዘችው ሙያ የአሮጌ መኪና ገማችነት ሆነ። በአንድ የጨረታ ድርጅት ውስጥ፣ በየጓሮው ተረስተው የኖሩ መኪኖችን እየመረመረች ዋጋቸውን ትተምናለች። ከእጇ የማይለይ ትንሽ ማግኔት ነበራት፤ ቀለም እንዳይጭር በስስ ጨርቅ ጠቅልላ በመኪናው ገላ ላይ ከዳር እስከ ዳር ታስኬደዋለች። ማግኔቱ ብረት ሲያገኝ ይጣበቃል። የተጎዳ ብረት የሚለሰንበትን ስቱኮ ሲያገኝ ግን ተንሸራትቶ ይወድቃል። ስቱኮ ከቀለም በታች የተኛ ውሸት ነው፤ የእሷም ሥራ ያንን ውሸት ማግኘት ነበር።

አንድ ረፋድ ወደ ድርጅቱ ቅጥር ግቢ አንዲት ቀይ መኪና ገባች። ገማቿ ማግኔቷን በበሮቹ ላይ አስኬደች፤ ተጣበቀ። ከጎማው በላይ ባለው ፓርፋንጎ ላይ አስኬደች፤ ተጣበቀ። አሮጌ መኪና ሁሉ ከሚበሰብስበት ከበሩ ሥር ተንበርክካ ሞከረች፤ ተጣበቀ። ቅንድቧን ቋጥራ እንደ ገና ከመጀመሪያው ስትጀምር ከኋላዋ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ኮፈኑን ዘለሉት እኮ።»

«አልዘለልኩትም። ቀድሜ ጨርሼዋለሁ።»

«ታዲያ ምነው ተኮሳተሩ? አልወድቅ አለዎት?»

«ማግኔቴ ታሞብኝ ይሆናል ብዬ ነው።»

«ምስኪን! ውኃ ያጠጡት።»

ዞር አለች። ረዥም፣ እጆቹ በመዶሻ የጠነከሩ፣ ዓይኖቹ ግን ሳቅ ያዘሉ ወጣት ቆሟል።

«የማን ሥራ ናት?» አለችው።

«የስቱኮ።»

«ስቱኮ? ጠብታ ስቱኮ የሌለባትን መኪና?»

«እኔ ነኝ ስቱኮ። ዕቃውን በእጄ እንደማልነካው ስላወቁ ነው ስሙን የሰጡኝ። ራሰ በራውን ጎፈሬ የሚሉ ጓደኞች ነው ያሉኝ፣ ምን ላድርግ?»

ገማቿ በሥራ ላይ ስቃ አታውቅም ነበር። ያን ዕለት ሳቀች። ስትስቅም ማግኔቱ ከእጇ ወጥቶ በኮፈኑ ላይ ጧ ብሎ ተጣበቀ።

ከዚያ በኋላ ገማቿ ወደ ስቱኮ ጋራዥ የሚወስዳት ምክንያት አላጣችም። የጎደጎደን ብረት ከጀርባው ገብቶ፣ በመዳፉ እየዳሰሰ፣ በትንሽ መዶሻ በትዕግሥት ሲያወጣ ታየዋለች። «ብረት የቀድሞ ቅርፁን አይረሳም» ይላታል። «ዝም ብለሽ ታስታውሺዋለሽ እንጂ አታስተምሪውም።» እሷም ሰውን እንዲህ በትዕግሥት የሚያይ ዓይን ምን ያህል ብርቅ እንደ ሆነ ታስባለች። «እርስዎ» መባባሉ ቀረ። ከእለታት አንድ ቀን ስቱኮ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጥፍሮቹን ፍቆ፣ አክስቷን ሊያነጋግር መጣ።

አክስት በሳሎኑ ውስጥ ቀጥ ብለው ተቀምጠው አዩት።

«ሥራህ ምንድን ነው ልጄ?»

«አሮጌ መኪና አድሳለሁ፣ እማማ።»

አክስት ወደ ጓሮው መስኮት ተመለከቱ።

«ቆሞ የቀረ ታስነሣለህ በለኛ።»

«ሞተሩ ካልተሰነጠቀ... አዎ።»

«ና ተከተለኝ።»

ገማቿ ከኋላቸው ሄደች። በዕድሜዋ ሙሉ አክስቷ ለባዕድ ሰው የጋራዡን በር ሲከፍቱ አይታ አታውቅም።

መኪናዋ አቧራ እንደ ብርድ ልብስ ለብሳ ቆማለች። ጎማዎቿ ተንፍሰው ከወለሉ ጋር ተጣብቀዋል። አክስት የተሳፋሪውን በር ከፈቱ። ስቱኮ ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ ተመለከተና ቀና ሳይል ቀረ። ዳሽቦርዱ፣ የኋላው ወንበር፣ ወለሉ፣ ሁሉም በአቧራ ተሸፍኗል። የሹፌሩ ወንበር ግን ንጹሕ ነበር። ቆዳው አሁን ሰው የተነሣበት፣ ወይም ገና ያልተነሣበት ይመስል ወደ ታች ሰርጎድ ብሏል። የውስጠኛዋ ስፖኪዮ ደግሞ ወደ ኋላ መንገድ ማሳየቷን ትታ ወደ ተሳፋሪው ወንበር ዞራለች።

«ቤንዚን አልቆባት ደጅ ላይ ቆመች» አሉ አክስት። «እጮኛዬና እኔ ገፍተን አስገባናት። ተጣልተን ነበር። በሩ ላይ ያለችው ጎድጓዳ ትታይሃለች? እኔ ነኝ በእርግጫ ያልኳት። ሳቀብኝ። ጀሪካኑን አነሣና ‹መጣሁ› ብሎኝ ወጣ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ መጣ።»

ስቱኮ ገማቿን አያት፤ ገማቿ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች።

«ሰው ሁሉ ‹ጥሏት ሄደ› አለኝ» ቀጠሉ አክስት፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «‹ሌላ አግብቷል› ያለኝም አለ። እሱ ግን ‹እመጣለሁ› አላለም። ‹መጣሁ› ነው ያለው። ወይ ዋሽቶኛል፣ ወይ መጥቷል። ዋሾ ሰው ወድጃለሁ ብዬ ከምቀበል መጥቷል ማለት መረጥሁ። ይኸው ተቀምጧል። መኪናዋ ካልተነሣች ወዴት ይሂድ?»

አክስት በሩን በዝግታ፣ የተኛን ላለመቀስቀስ እንደሚጠነቀቅ ሰው ገፋ አድርገው ዘጉት።

«እንግዲህ ስማኝ፣ ልጄ። መጥፎ ሰው አትመስለኝም። ግን ይኸን ሰው ሳላሰናብት ይህችን ልጅ አልድርም። እንግዳ እቤቱ አስቀምጦ ሰርግ የሚደግስ የለም።»

ሁለቱ ወጣቶች በግቢው ውስጥ ብቻቸውን ሲቀሩ ገማቿ ጠየቀችው።

«የአክስቴ አእምሮ ተነክቷል ብለህ ታስባለህ?»

«አላውቅም። ወንበሩ ለምን አቧራ የለውም?»

«እሷ ትጠርገዋለች ብዬ ነበር የማስበው። አንድ ጊዜ ጠየቅኋት። ‹ሰው የተቀመጠበት ወንበር እንዴት ይጠረጋል?› አለችኝ።»

ስቱኮ መሳቅ ፈልጎ ነበር። ዞሮ ግን የጋራዡን በር አየ።

ሥራው ተጀመረ። ስቱኮ የራሱን ጋራዥ ዘግቶ ከሰዓት በኋላ ይመጣል፤ ገማቿም ከቢሮ እንደ ተመለሰች ቱታዋን ለብሳ ከጎኑ ትሰለፋለች። ካርቡሬተሩን ፈታትተው አጠቡ። ካንዴላዎቹን ለወጡ፤ የደረቁ ቱቦዎችን፣ የዛገ ሽቦን፣ አይጥ የበላውን ጨርቅ አወጡ። እጆቻቸው በአንድ ባልዲ ጋዝ ውስጥ ሲገናኙ ሥራው ለአፍታ ይቆማል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሁለቱም ስለ ብሎን ያወራሉ፤ ስለ ብሎን እንደማያወሩ ግን ሁለቱም ያውቃሉ።

ማታ ማታ ስቱኮ ሲሄድ የቤቱን ሕግ በራሱ መንገድ ያከብራል። ከውጭ በር ላይ ቆሞ «አልመጣሁም!» ብሎ ይጮኻል። አክስት በመስኮት ብቅ ይሉና «ሂድ ወዲያ፣ ቀልማዳ!» ይሉታል። ነገር ግን መስኮቱን ሲዘጉ ከንፈራቸው ለሳቅ ሲከፈት ገማቿ አይታለች።

የስፖኪዮዋ ነገር ብቻ ነበር የማይስተካከለው። ስቱኮ ወደ ቦታዋ ይመልሳታል፤ በማግስቱ ወደ ተሳፋሪው ወንበር ዞራ ትገኛለች።

«አንቺ ነሽ አይደል?» አላት አንድ ቀን። «መልክሽን ልታዪባት።»

«እኔ አንተ መስለኸኝ! እኔን ልታይባት።»

«እኔ አንቺን ለማየት ስፖኪዮ ያስፈልገኛል?»

ተሳሳቁ። ከዚያም ሳቁ ቀስ ብሎ ጠፋ፤ ሁለቱም እውነታቸውን እንደ ነበር ተረድተዋልና። ያን ዕለት ስቱኮ ብሎኗን በሙሉ ኃይሉ አጠበቃት፤ የጋራዡን ቁልፍም ኪሱ ውስጥ ይዞ ሄደ። በማግስቱ በሩን ከፍተው ሲገቡ ስፖኪዮዋ ዞራ ጠበቀቻቸው።

«ብሎኗ አርጅታ ነው» አለ ስቱኮ። ድምፁ ግን የሌላ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር።

ከዚያ የባሰው በሌላ ቀን ሆነ። ስቱኮ በመኪናዋ አፍንጫ ሥር ተንጋሎ ይሠራል። ገማቿ በተሳፋሪው ወንበር ላይ ተቀምጣ ዳሽቦርዱን ትወለውላለች። ሳታስበው ቀና ብላ ስፖኪዮዋን ተመለከተች። በስፖኪዮዋ ውስጥ የሚታየው የራሷ ፊት አልነበረም፤ ባዶው የሹፌር ወንበር ነበር። እያየችው የወንበሩ ቆዳ፣ ሰው ለመመቻቸት ወገቡን ሲያንቀሳቅስ እንደሚሆነው፣ ቀስ ብሎ ሲጥ... ሲጥ... አለ።

ወጥታ ከስቱኮ እግር አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም። እዚሁ መሆን አሰኘኝ።»

እጁን ከመኪናዋ ሥር ዘርግቶ እጇን ያዘ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቃትም፤ እሷም በዚያች ቅጽበት ይህን ሰው እንደምታገባ ያለ ጥርጥር አወቀች። ፍርሃቷም ያኔ ጀመረ። ከዚህ በፊት የምታጣው ነገር አልነበራትም።

ገላው ተቃና፤ ቀለሙ ተቀባ። አንድ ነገር ብቻ ተረፈ። ስቱኮ መዶሻውን ይዞ በተሳፋሪው በር ላይ ወዳለችው ጎድጓዳ ሲጠጋ አክስት ከጋራዡ በር ላይ ሆነው ተቆጡ።

«እሷን ተዋት! የኔ ናት።»

በሕይወቱ ጎድጓዳ ትቶ የማያውቀው ሰው መዶሻውን አስቀመጠ። በጎድጓዳዋ ላይም ቀለሙን ቀባ።

መኪናዋ የምትነሣበት ጠዋት ጉም ነበር። ከግቢው በር ማዶ ያለው ዛፍ እንኳ አይታይም። አክስት ጥሩ ልብሳቸውን ለብሰው በጋራዡ ውስጥ ቆመዋል። ስቱኮ ባትሪውን አገናኘ፤ ከዚያም ያን ሁሉ ጊዜ ያልተቀመጠበትን የሹፌር ወንበር ተመልክቶ አመነታ።

አክስት ጎንበስ ብለው ወደ ባዶው ወንበር ተናገሩ።

«እባክህ ትንሽ ጠጋ በልለት።»

ስቱኮ ተቀመጠ። ቆዳው ለብ ያለ ነበር። ገማቿ በተሳፋሪው ወገን በመስኮቱ አጠገብ ቆማ ፊቱን ትከታተላለች። እጁ ያለ እሱ ትእዛዝ ተነሥታ ስፖኪዮዋን ወደ እሷ ስታዞር አየች። ስቱኮ ግን አላስተዋለም። የነዳጁን መርፌ እያየ ነበር።

«ወይ ጉድ! ሁሉን ነገር አስበን ቤንዚን ረሳን እኮ» አለ።

ሐሳቡ ሁሉ በሞተሩ ላይ እንደ ሆነ ከመኪናዋ ወረደ። ከግድግዳው ሥር ጀሪካኑን አነሣ፤ ግቢውን አቋርጦ የውጭውን በር ከፈተ። ከዚያ፣ ከዓለም የቀለለውን ነገር እንደሚናገር ሰው፣ ሳይዞር ተናገረው።

«መጣሁ!»

በሩ ተዘጋ። ጉሙ ከበሩ በላይ ገብቶ ግቢውን ሞላው።

አክስት የጋራዡን ግድግዳ ያዙ። ገማቿ ቃሉን እንዳልሰማች ለመሆን ሞከረች። ማደያው ቅርብ ነው፤ አስፋልቱን ይዞ የሚሄድ ሰው ወዲያው ይደርሳል፤ ወዲያው ይመለሳል። እንዲህ እያለች ራሷን አጽናናች። ከጎረቤት አንድ በር ተከፍቶ ተዘጋ። ውሻ ጮኸና ዝም አለ። ሊመለስ የሚገባው ጊዜ መጣ፤ አለፈም።

መቼ እንደ ገባች ሳታውቅ ገማቿ በተሳፋሪው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። እጆቿን በጉልበቷ ላይ አድርጋለች። ዓይኗ ስፖኪዮዋ ላይ ነው። አክስት ዞር ብለው አዩዋት፤ በመኪናዋ ውስጥ ያዩት ግን የራሳቸውን ወጣትነት ነበር። ያው ወንበር፣ ያው አቀማመጥ፣ ያው ጸጥታ።

«ተነሺ!» ብለው ጮኹ።

«አክስቴ...»

«ከዚያ ወንበር ተነሺ አልኩሽ! እኔ ያን ቀን ከዚህ ደጅ አልወጣሁም። ተቀይሜ ነበር። ‹ሲፈልግ ራሱ ይመጣል፣ የምን መከተል ነው› ብዬ ኮራሁ። ቁጭ ብዬ ልጠብቀው አልኩ። ይኸው ቁጭ እንዳልኩ ቀረሁ! ምን ትጠብቂያለሽ? ሂጂ! ሂጂና አምጪው!»

ገማቿ ሮጠች።

ማደያው ደርሳ ቀጂውን ጠየቀችው። ቀጂው በጉሙ ውስጥ በእጁ አመለከታት።

«ቀድቶ ሄደ። ከጓደኛው ጋር ናቸው።»

«የምን ጓደኛ?»

«እሱም ጀሪካን ይዟል። ያ የዱሮ የቆርቆሮ ጀሪካን የለም? ልቅዳልህ ብዬ ጠራሁት፤ አልሰማኝም። ደግሞ የእሱ የሞላ ይመስላል። በዚያ በአቋራጩ ነው የሄዱት።»

አቋራጩን ገማቿ በስም ብቻ ታውቀዋለች። ድንጋይ ሲፈለጥበት ኖሮ በተተወው ካባ አፋፍ የሚያልፍ፣ ከብት እንኳ የማይነዳበት የቆየ የእግር መንገድ ነው። ጉሙ ውስጥ ገባች። እጇን ወደ ፊት ዘርግታ ሄደች። ከፊቷ የጀሪካን ቤንዚን ሲንቦጫቦጭ ሰማች፤ ከዚያም ፈንጠር ብሎ የሌላ ጀሪካን።

«ስቱኮ!» ብላ ጠራች።

እርምጃው አልቆመም።

«ስቱኮ! ቁም!»

አሁንም አልቆመም። የጓደኞቹ ቀልድ የሆነው ስም እዚያ አይደርስም ነበር። ገማቿ ያኔ ለእሷ ብቻ የነገራትን፣ እናቱ ያወጡለትን ስም ጠራች። በሙሉ ድምፅዋ፣ እስከ ዛሬ ማንንም እንደዚያ ጠርታ በማታውቅበት ድምፅ ጠራችው።

እርምጃው ቆመ። ጉሙ ሳሳ። ስቱኮ ጀሪካኑን ይዞ፣ ከእንቅልፉ እንደ ተቀሰቀሰ ሰው ዓይኑን እያርገበገበ ዞሯል።

«ወዴት ነው የምትሄደው?»

«ወደ ቤት ነዋ። ሰውዬው አቋራጭ አውቃለሁ አለኝ... አይ፣ አላለኝም። ከፊቴ ሄደ፤ ተከተልሁት።»

«የቱ ሰውዬ?»

ስቱኮ ሊያሳያት እጁን ዘረጋ። በተዘረጋው እጁ አቅጣጫ ማንም አልነበረም። ከእግሩ ጫፍ ቀጥሎም መሬት አልነበረም። የካባው ገደል ቁልቁል ተቆርጦ፣ በሥሩ ያቆረ አረንጓዴ ውኃ ድምፅ ሳያሰማ ተኝቷል። ከውኃው የቤንዚን ሽታ ወጣ፤ አሁን የተቀዳ የሚመስል ትኩስ ሽታ።

ገማቿ ሸሚዙን ጨምድዳ ወደ ኋላ ሳበችው። ሁለቱም መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ስወጣ... ‹መጣሁ› አልኩ እንዴ?»

«አልክ።»

«እኔን ብሎ ጠንቃቃ» አለ፤ ሊስቅ ሞክሮ አለቀሰ።

ጀሪካኑን አንዱን ወገን እሱ፣ አንዱን ወገን እሷ ይዘው በአስፋልቱ በኩል ተመለሱ። አክስት ከግቢው በር ውጭ፣ በኮረኮንቹ መሀል ቆመው አገኟቸው። ጎረቤቶች በኋላ እንደ ተናገሩት፣ እመቤቲቱ ሰው ፍለጋ ከዚያ በር ሲወጡ ያን ጊዜ የመጀመሪያቸው ነው።

«የት አገኘሽው?»

«ካባው አፋፍ ላይ።»

«ካባው...» አሉ አክስት፤ ቃሉን እንደማያውቁት ቋንቋ ደገሙት። «ፈላጊዎቹ ሁሉ ዋናውን መንገድ ነው የሄዱት። በካባው ማን ይሄዳል ብለን?»

ስቱኮ ጀሪካኑን አስቀመጠ።

«እማማ፣ አንድ ሰው ከፊቴ ይሄድ ነበር። ፊቱን አላየሁትም። ግን ወደ ቀኝ አዘንብሎ ነበር የሚራመደው። ጀሪካኑ ከብዶታል።»

«ከብዶታል?»

«ሙሉ ነበር። እየሄደ አልነበረም፣ እማማ። እየተመለሰ ነበር።»

የአክስት ፊት፣ ስቱኮ መዳፉን ከጀርባ አስገብቶ ያቃናው ብረት ይመስል፣ ቀስ በቀስ ወደ ጥንቱ ቅርፅ ሲመለስ ገማቿ አየች።

«አልዋሸም ማለት ነው» አሉ። «እየመጣ ነበር።»

ቤንዚኑ ተቀዳ። ስቱኮ ቁልፉን አዞረ፤ ሞተሩ ሳል ሳል ብሎ ዝም አለ። እንደ ገና አዞረ። ሞተሩ ተነሣ። ድምፁ ጋራዡን ሞላው፤ ከጣሪያው ላይ የዘመናት አቧራ ረገፈ። አክስት ስቱኮን «ውረድ» አሉት፤ ወረደ። እሳቸው በተሳፋሪው ወገን ገብተው በሩን ዘጉ።

ሁለቱ ወጣቶች ከውጭ ቆመው አዩ። አክስት ፊታቸውን ወደ ባዶው ወንበር አዙረው ይናገራሉ፤ በሞተሩ ድምፅ ምክንያት የሚሰማው ጥቂት ነበር። አንድ ጊዜ ሳቁ። አንድ ጊዜ የበሩን ጎድጓዳ ከውስጥ በኩል በመዳፋቸው መቱ። በመጨረሻ የተናገሩት ብቻ በግልጽ ተሰማ።

«በል ሂድ፣ ይበቃሃል። እኔ ስትጠራኝ እሰማለሁ።»

የሹፌሩ ወንበር ቆዳ፣ ሰው ከላዩ ሲነሣ እንደሚሆነው፣ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ተነፋ። ማንም ቁልፉን ሳይነካ ሞተሩ ጠፋ።

አክስት ወርደው ወደ ስቱኮ ተጠጉ።

«ያቺን ጎድጓዳ አሁን አውጣት» አሉት። «ደግሞ ለሰርጋችሁ ምን እንደምለብስ አስቡ፤ ይኸን ልብስ ዛሬ አቆሸሽኩት።»

በማግስቱ በሹፌሩ ወንበር ላይ ስስ አቧራ ተገኘ። ገማቿ በጣቷ ነክታ አየችው፤ እንደ ሌላው አቧራ ያለ ተራ አቧራ ነበር። ለረዥም ጊዜ ቆማ አለቀሰች።

ተጋቡ። አክስት ሰርጉን በአዲስ ልብስ ደምቀው አዩ፤ ጥቂት ጊዜም አብረዋቸው ኖሩ። የጨረታ ድርጅቱ ባልደረቦች የሰማያዊዋን መኪና ዋጋ እንድትተምንላቸው ደጋግመው ቢጠይቋትም ገማቿ ማግኔቷን አላስጠጋቻትም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ባልና ሚስት በጓሮው ተቀምጠው ሳሉ በጋራዡ ውስጥ ክላክስ አንድ ጊዜ፣ አጠር አድርጎ ጮኸ። ሚስት «ማነው?» ልትል ወደ ባሏ ዞረች፤ ባሏ ከጎኗ ነበር። ከአክስት መኝታ ክፍል፣ ከደጅ እንደ ተጠራች ወጣት ልጃገረድ ያለ የጠራና የተቻኮለ ድምፅ ተሰማ።

«መጣሁ!»

ሲደርሱ አክስት ዐርፈዋል። ጫማቸውን አድርገው ነበር።

በዚያ ቤት ዛሬም የሚወጣ ሰው «መጣሁ» አይልም። የተጠራ ሰው ግን ይላል። ባል ከጋራዡ ሆኖ እናቷ ባወጡላት ስም ሳይሆን በቁልምጫ ይጠራታል፤ ሚስት ከቤት ውስጥ «መጣሁ!» ትላለች፤ ቃሉም ሳይቀዘቅዝ ትደርሳለች። በሰማያዊዋ መኪና ሲሄዱ ስፖኪዮዋ አንዳንድ ጊዜ ወደ እሷ ዞራ ትገኛለች።

«አንተ ነህ» ትለዋለች።

«አዎ፣ አሁንስ እኔ ነኝ» ይላታል፤ ወደ መንገዱም ይመልሳታል።